ዲግሪው እስከ የት ይጓዛል? የከላላና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሥራ አጥ የሳይንስ ምሩቃን እና የውጭ አገር ሥራ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በከላላና በአጎራባች የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች ተወልደው በተፈጥሮ ሳይንስ የተመረቁ፣ ነገር ግን ሥራ ያላገኙ ወጣቶች በውጭ አገር ሥራ የሚያገኙባቸውን ሕጋዊ መንገዶች ያነጻጽራል። ንጽጽሩ የሚመሠረተው በአገሪቱ ዐዋጆች እንዲሁም ተቀባይ አገሮችና የትምህርት ተቋማት በይፋ ባስቀመጧቸው መመዘኛዎች ላይ ነው። ሦስት መንገዶች ተለይተዋል፦ የኮንትራት ሥራ፣ የባለሙያ ቪዛ እና በገንዘብ ድጋፍ የሚገኝ የድኅረ ምረቃ ትምህርት። የጽሑፉ ዋና ክርክር የሚከተለው ነው፦ ከቤተሰብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው የመጀመሪያው በር ዲግሪውን አይቈጥረውም፤ ዲግሪውን የሚያከብረው ሁለተኛው በር የገበሬ ቤተሰብ ሊደርስበት የማይችል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው በር ከገንዘብ ይልቅ ጊዜንና የተረጋገጠ ሰነድን ይጠይቃል። ስለዚህ በአካባቢው ያለ ተቋም በአነስተኛ ወጪ ሊያሰፋው የሚችለው በር ሦስተኛው ነው።

1. መግቢያ

ኢትዮጵያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ቅበላዋን ሰባ በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት እንዲሆን በሚያዝ ፖሊሲ መራች። በዚያው ዘመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 አለፈ። መስፋፋቱ እስከ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ደርሷል፤ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ የሚያስተምረው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ውጤት ነው። ቀድሞ ለከፍተኛ ትምህርት ከአካባቢው ርቆ መሄድ ግድ የነበረበት የከላላ፣ የቦረና፣ የወግዲና የለጋምቦ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲን በቅርብ ያገኘዋል።

ትምህርቱ ሲቀርብ ሥራው አብሮ አልቀረበም። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ምሩቅ በገጠር ወረዳ የሚያውቀው ዋናው ቀጣሪ ትምህርት ቤት ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚቀጥረው በበጀቱ ልክ እንጂ በምሩቃን ቍጥር ልክ አይደለም። ቤተ ሙከራ ያለው ፋብሪካ፣ የምርምር ማዕከል ወይም የጥራት ቍጥጥር ክፍል ያለው ድርጅት በአካባቢው እምብዛም ስለሌለ ምሩቁ ከማስተማር ውጭ ዕውቀቱን የሚሸጥበት ገበያ ጠባብ ነው። ስለዚህ ዐይኑ ወደ ውጭ ያማትራል፤ ደቡብ ወሎም ወደ ዐረብ አገር በሚደረግ ፍልሰት የታወቀ ዞን በመሆኑ የመሄድ ሐሳብ ለምሩቁም ሆነ ለቤተሰቡ እንግዳ አይደለም።

ጥያቄው መሄድ አለመሄድ ብቻ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የተማረ ሰው በየትኛው በር ሲወጣ ትምህርቱን ይዞ ይወጣል? በየትኛውስ በር ትምህርቱን ደጃፍ ላይ ጥሎ ይሄዳል? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንን ነው።

2. የንድፈ ሐሳብ መነሻ

ሁለት ንድፈ ሐሳቦች ለዚህ ምርመራ ያገለግላሉ። የመጀመሪያው ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው የምልክት ንድፈ ሐሳብ ነው። ቀጣሪ የሥራ ፈላጊውን ችሎታ በቀጥታ ማየት ስለማይችል ዲግሪን እንደ ምልክት ያነበዋል። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ነገር መገንዘብ ይቻላል፦ ምልክት ዋጋ የሚኖረው አንባቢው እውነተኛነቱን ማረጋገጥ ሲችል ነው። ደሴ ላይ ማንም የሚያውቀው የዩኒቨርሲቲ ማኅተም በርሊን ወይም ዱባይ ላለ ቀጣሪ የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ ንባቡ ግን ተቋርጧል።

ሁለተኛው ኦዴድ ስታርክና ዴቪድ ብሉም እ.ኤ.አ. በ1985 ያጠቃለሉት አዲሱ የፍልሰት ኢኮኖሚክስ ነው። በዚህ አመለካከት የሚሰደደው ግለሰቡ ቢሆንም የሚወስነውና ወጪውን የሚሸከመው ቤተሰቡ ነው። በከላላ ይህ በግልጽ ይታያል። መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ በመሆኑ ቤተሰብ ለመንገድ ገንዘብ ሲያስፈልገው በሬ ይሸጣል፣ መሬቱን ያከራያል ወይም ወለድ አገድ ያስይዛል፣ ዕቁብ ይገባል፣ ከዘመድ ይበደራል። ስለዚህ የአንድ መንገድ ዋጋ የሚለካው በምሩቁ ተስፋ ብቻ ሳይሆን፣ መንገዱ ቢከሽፍ ቤተሰቡ በሚያጣው ጥሪት ጭምር ነው።

ሦስቱን መንገዶች በአንድ ሚዛን ለማየት አንድ ምሳሌ ይወሰድ፦ በኬሚስትሪ በ3.20 ድምር ውጤት የተመረቀ፣ ዕድሜው 25 ዓመት የሆነ፣ የሥራ ልምድ የሌለው፣ ወላጆቹ ገበሬዎች የሆኑ ወጣት።

3. የመጀመሪያው በር፦ የኮንትራት ሥራ

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች የሚደረገውን ጉዞ አግዶ ነበር። በዚያው ጊዜ ሳዑዲ ዐረቢያ 160,000 ገደማ ኢትዮጵያውያንን አስወጣች። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። የሕጉ መሠረታዊ ሐሳብ ስምሪቱ ከተቀባዩ አገር ጋር በተደረገ የሁለትዮሽ ስምምነት ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው።

ዐዋጅ ቁጥር 923 ወጪን በሁለት ይከፍላል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ክፍያ በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ሠራተኛው የሚሸፍነው ፓስፖርትን፣ የጤና ምርመራንና ክትባትን፣ የልደት የምስክር ወረቀትንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን የመሳሰሉትን ነው። በሕጉ መሠረት ከሆነ ይህ በር ለገበሬ ቤተሰብ ከሁሉ የረከሰው ነው።

የረከሰበት ምክንያት ግን ዲግሪን ባለመጠየቁም ነው። ዐዋጁ ሲወጣ ለሠራተኛው ያስቀመጠው የትምህርት ደረጃ 8ኛ ክፍልን ማጠናቀቅ ነበር። ምልክቱ የሚነበበው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው ማለት ነው። በምሳሌው የተጠቀሰው ኬሚስት በዚህ በር ሲወጣ የሚመዘነው በኬሚስትሪ ሳይሆን አዲስ በሚያወጣው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ከዚህም በላይ በዚህ መስመር የሚገኘው ሥራ በአብዛኛው የቤት ሠራተኝነት በመሆኑ ለሴት ምሩቃን ከሙያቸው የራቀ ሥራ ይሆንባቸዋል፤ ለወንዶቹ ደግሞ በሩ ጠባብ ነው። ወንዶች በአፋርና በጅቡቲ አድርጎ ከኦቦክ ባሕር ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ በሚያደርሰው አደገኛ መንገድ ላይ የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በዐዋጁ ውስጥ ለምሩቃን የሚጠቅምና ብዙ ጊዜ የማይነገርለት አንድ ድንጋጌ አለ። የቀጥታ ቅጥር በመርሕ የተከለከለ ቢሆንም፣ ሥራ ፈላጊው ከቤት ሠራተኝነት ውጭ የሆነ ሥራ በራሱ ጥረት ሲያገኝ ሚኒስቴሩ ሊፈቅድለት ይችላል። ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ቤተ ሙከራ ወይም ትምህርት ቤት በሙያው ቅጥር ያገኘ ምሩቅ ሕጋዊ መሠረት አለው። ዳሩ ግን ቅጥሩን ለማግኘት ዲግሪው በቀጣሪው ዘንድ መነበብ አለበት። ይህም ወደ ሰነድ ጉዳይ ይመልሳል።

4. ሁለተኛው በር፦ የባለሙያ ቪዛ

ዲግሪን በግልጽ ዋጋ ከሚሰጡ ሥርዐቶች መካከል ከግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የዕድል ካርድ ጥሩ ማሳያ ነው። ካርዱ ሥራ ላላገኘ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጀርመን ውስጥ ሆኖ ሥራ እንዲፈልግና በሳምንት እስከ 20 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቅዳል።

ሁለት መግቢያዎች አሉት። የመጀመሪያው ዲግሪው ከጀርመን ዲግሪ ጋር ተመጣጣኝ መሆኑ ለተረጋገጠለት ሰው ነው፤ እርሱ ነጥብ መሰብሰብ አያስፈልገውም። ሁለተኛው 6 ነጥብ ለሚያሟላ ሰው ነው። በዚህኛው መግቢያ የሚጠየቁት ቅድመ ሁኔታዎች ዲግሪው በተገኘበት አገር መንግሥት የታወቀ መሆኑና የጀርመንኛ ኤ1 ወይም የእንግሊዝኛ ቢ2 ደረጃ ናቸው።

የምሳሌው ኬሚስት በነጥብ ቢሰላ ዕድሜው ከ35 ዓመት በታች በመሆኑ 2 ነጥብ ያገኛል። የተፈጥሮ ሳይንስ ሙያ የሰው ኃይል እጥረት ካለባቸው መካከል ስለሆነ 1 ነጥብ ይጨመርለታል። እንግሊዝኛው ሲ1 ደረጃ ከደረሰ ሌላ 1 ነጥብ ያገኛል። ድምሩ 4 ነው። የጐደለውን 2 ነጥብ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ሊሞላው ይችል ነበር፤ ሥራ አጡ ግን ያጣው በትክክል እርሱን ነው። ስለዚህ የሚቀረው ጀርመንኛን እስከ ቢ1 መማር ነው፤ እርሱም 2 ነጥብ ያስገኛል። የዲግሪው ተመጣጣኝነት ከተረጋገጠ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይቀራል። የጀርመን የውጭ ትምህርት ማዕከላዊ ቢሮ ለግለሰብ የሚሰጠው የማነጻጸሪያ ሰነድ ክፍያ 208 ዩሮ ነው። አንድ የሰነድ ንባብ የሁለት ዓመት ልምድን ወይም የብዙ ወራት የቋንቋ ትምህርትን ይተካል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ በሩ የተከፈተ ይመስላል። የሚዘጋው በገንዘቡ ነው። አመልካቹ ራሱን ማስተዳደር እንደሚችል ማሳየት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተጠየቀው በወር 1,091 ዩሮ፣ በዓመት 13,092 ዩሮ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ100 ብር አለፈ። በዩሮ የተተመነው መጠን ሳይለወጥ የብሩ ሸክም እጥፍ ገደማ ሆነ፤ በብርም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ የሚሞላ ገንዘብ አይደለም። ጀርመን የሚኖር ሰው በሕግ ፊት የሚገባው የኃላፊነት ግዴታ ወይም አስቀድሞ የተገኘ የትርፍ ጊዜ ሥራ ውል ገንዘቡን ሊተካ ይችላል፤ ይህም ዘመድ ወይም ግንኙነት ላለው ብቻ ነው።

5. ሦስተኛው በር፦ በድጋፍ የሚገኝ ትምህርት

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለሳይንስ ምሩቃን ከሌላው ሙያ ይልቅ የተለየ ጠባይ አለው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪና የፊዚክስ ዶክትሬት ትምህርት በአብዛኛው በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ይደገፋል፤ ተማሪው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፣ የወር ክፍያም ያገኛል። ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይችላል። ይህ በተግባር ሥራ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ፣ የሚከፈልበት፣ ዲግሪውንም የሚጠይቅ ሥራ። በጀርመን ደግሞ ከባደን ቩርተምበርግ ግዛት በቀር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የኑሮው ወጪ ግን ነጻ የትምህርት ዕድል ካልተገኘ በአመልካቹ ላይ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርስ ፕሮግራም ለተመረጡት የኑሮ ድጎማ ይሰጣል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ወይም በመጨረሻው ዓመት ላይ ያለውን ይቀበላል።

የዚህ በር የመጀመሪያ ፈተና የውጤት ትርጓሜ ነው። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ውጤትን በአንድ ቀመር ይለውጡታል፦ ከከፍተኛው ውጤት ላይ የተማሪው ውጤት ይቀነሳል፤ ቀሪው በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ መካከል ላለው ልዩነት ይካፈላል፤ በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። በኢትዮጵያ ከፍተኛው 4.00፣ ማለፊያው 2.00 ነው። በ3.20 የተመረቀው ወጣት ውጤቱ 2.2 ይሆናል፤ በ3.00 የተመረቀው ደግሞ 2.5። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች መቍረጫ ያደረጉት ይህንኑ 2.5 ነው። ስለዚህ በሦስት ነጥብ ዙሪያ ያለ ተማሪ በሦስተኛ ዓመት የሚያጣት ጥቂት ውጤት በኋላ የበሩን መከፈትና መዘጋት ትወስናለች። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢያውቀው የሚጠቅመው ዕውቀት ሆኖ ሳለ አብዛኛው የሚሰማው ከተመረቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ጊዜ ነው። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ድጋፍ በጥቅሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከስድስት ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ይፈልጋል። ሁለቱ መመዘኛዎች ሲጣመሩ ሥራ አጡን ከሁለት ወገን ይይዙታል፦ ልምድ ሳያገኝ ዓመቱ ይሮጣል። ሥራ በመፈለግ ብቻ ያለፉ አራት ዓመታት ባዶ ጊዜ ብቻ አይደሉም፤ ከስድስቱ ላይ የተቀነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ፈተና ግንኙነት ነው። የኢራስመስ ሙንዱስም ሆነ የአሜሪካ ማመልከቻዎች የሚበዙት ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሲሆን ሁሉም የሚቀርቡት በኢንተርኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በመቆየቱ የ2016 ዓ.ም. የማመልከቻ ወቅት በሙሉ በዚህ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ላይ ዘረፋና ውድመት ደርሶ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የተመረቀ ወጣት ባልሠራው ጥፋት ጊዜው ተበልቶበታል።

6. የሐሰት በር

ዲግሪን የሚያከብር በር ጠባብ በሆነበት ቦታ ዲግሪን የሚያከብር የሚመስል ማታለያ ይስፋፋል። ቀድሞ የደላላ ሰለባ ይሆን የነበረው በአብዛኛው ያልተማረው ነበር። በቅርብ ዓመታት በታይላንድ የኮምፒውተርና የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አለ ተብለው የተወሰዱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ድንበር ተሻግረው በምያንማር በሚገኙ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ታግተው በግድ እንዲሠሩ ተደርገዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ የታጠቀ ቡድን ለታይላንድ ካስረከባቸው 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው እንግሊዝኛ የሚችልና ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው በመሆኑ ሥራ አጥ ምሩቅ ዋና ዒላማ ነው።

ሕጉ የሚሰጠው መለያ ቀላል ነው። ሕጋዊ የኮንትራት ስምሪት በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ወይም በሚኒስቴሩ በኩል የሚያልፍ ነው፤ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬትም በአሠሪው ወጪ ነው። ስለዚህ ለቪዛና ለትኬት ቅድሚያ ገንዘብ መጠየቅ፣ በሥራ ውል ፋንታ በጎብኚ ቪዛ መላክ እና የዲግሪ ማረጋገጫ ፈጽሞ አለመጠየቅ የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ዲግሪ ይፈልጋል የተባለ ሥራ ዲግሪው እውነት ይሁን አይሁን ካልጠየቀ የሚፈልገው ዲግሪውን አይደለም። በሰው መነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገር በዐዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

7. የሦስቱም በር ቍልፍ፦ ሰነድ

ከላይ የታዩት ትክክለኛ በሮች ሁሉ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ምሩቁ በመጀመሪያ ጊዜያዊ ዲግሪ ይዞ ይወጣል፤ ዋናው ዲግሪና ይፋዊ የውጤት ዝርዝር በተለምዶ ከወጪ መጋራት ክፍያ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሥራ የሌለው ሰው ዕዳውን የሚከፍልበት ገቢ የለውም፤ ዕዳውን ካልከፈለ ደግሞ ሥራ የሚያገኝበትን ሰነድ አያገኝም። ዋናውን ዲግሪ ካገኘ በኋላም እንደ ተቀባዩ አገር ጥያቄ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለከላላ ልጅ ይህ ማለት ፓስፖርት ለማውጣት እስከ ደሴ፣ ኤምባሲ ለማግኘት ደግሞ እስከ አዲስ አበባ መመላለስ ነው። እያንዳንዱ ምልልስ የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የቀን ወጪ አለው። ብዙ የውጭ ተቋማት ደግሞ የውጤት ዝርዝሩ ከሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ፤ ይህን የሚሠራ ክፍል በዩኒቨርሲቲው ከሌለ ማመልከቻው የብቃት ጕድለት ሳይኖርበት ይወድቃል።

በስታርክና በብሉም ሚዛን ሲታይ ውጤቱ ግልጽ ነው። ቤተሰቡ በሬውን የሸጠው ለሰነድ ምልልስ ከሆነና ማመልከቻው ባይሳካ፣ ሰነዱ እጅ ላይ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል። ለደላላ ከከፈለው ግን የሚቀር ነገር የለም። ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ደላላው ቀን ቈርጦ ተስፋ ሲሰጥ ሰነዱ ቀን የለውም። ስለዚህ ምርጫውን እንደ አለማወቅ ብቻ መቍጠር ስሕተት ነው፤ ወላጆች የሚገዙት እርግጠኝነትን ነው።

8. ማጠቃለያ

ንጽጽሩ ሦስት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ የሳይንስ ምሩቁ ችግር የዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ በሩቅ አንባቢ ዘንድ አለመነበቡ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራ አጥነት በራሱ ሌሎች በሮችን ይዘጋል፤ የልምድ ነጥብን ያሳጣል፣ የዲግሪውንም ዕድሜ ያሳልፋል። ሦስተኛ፣ በድጋፍ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ጥሪት የማይፈልግና ዲግሪውን የሚያከብር ብቸኛው በር በመሆኑ የአካባቢው ተቋማት ጥረት በእርሱ ላይ ቢያተኩር ያስኬዳል።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ በአካባቢው ያለ ዩኒቨርሲቲ ያለ ትልቅ በጀት ሊሠራቸው የሚችሉ አራት ተግባራትን ማመልከት ይቻላል። ሬጅስትራሩ የውጤት ዝርዝርን ለውጭ ተቋማት በቀጥታ የሚልክ አንድ ክፍል ቢያደራጅ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤን ብዙ ተቋማት በቋንቋ ፈተና ምትክ ስለሚቀበሉት ለሚጠይቅ ምሩቅ ሁሉ ሳይዘገይ ቢሰጥ፤ ሥራ ያላገኙ ምሩቃን በቤተ ሙከራ ረዳትነትና በመረጃ ሰብሳቢነት እንዲያገለግሉ አድርጎ ተጠያቂነት ያለው የልምድ ማስረጃ ቢሰጣቸው፤ የውጤት መለወጫ ቀመሩንና የማመልከቻ ወራትን በመጀመሪያው ዓመት ቢያስተምር። የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይሰረዝ ለማመልከቻ ብቻ የሚያገለግል የተረጋገጠ ሰነድ መስጠት የሚቻልበት መንገድም ሊጤን ይገባል።

እነዚህ እርምጃዎች ለሁሉም ሥራ አያስገኙም፤ በሩ ጠባብ ነው፣ ተወዳዳሪውም ብዙ። ነገር ግን በ3.20 የተመረቀው ኬሚስት ከመውደቁ በፊት ቢያንስ ይነበባል። ወላጆቹም በሬ የሚሸጡ ከሆነ በእጃቸው ለሚቀር ነገር ይሸጣሉ።